አረፋ ሁሉ ኬሚካዊ ለውጥ አይደለም

አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሮ አቼቶ ያፈሰሰበት ተማሪ፣ ድብልቁ እየተንተከተከ አረፋ ሲደፍቅ ያያል። ብርጭቆውን ሲይዘው ደግሞ ቀዝቀዝ ይለዋል። በመማሪያ መጻሕፍት የኬሚካዊ ለውጥ ምልክቶች ተብለው ከሚዘረዘሩት መካከል ሁለቱ፣ የጋዝ መውጣትና የሙቀት መለዋወጥ፣ በአንድ ጊዜ ታዩ ማለት ነው። የቀለም መለወጥ፣ የዝቃጭ መፈጠር፣ ብርሃንና አዲስ ሽታም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ።

ዝርዝሩን በቃል መያዝ አይከብድም። ነገር ግን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚፈላ ውሃም ይንተከተካል፤ ዩሪያ ማዳበሪያም ሲሟሟ ውሃውን በጣም ያቀዘቅዘዋል። ሁለቱም አካላዊ ለውጦች ናቸው። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ያው ውሃ ነው፤ ዩሪያውም ውሃው ሲተን ተመልሶ ይገኛል። ምልክት ጥርጣሬ ያስነሳል፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ቀድሞ ያልነበረ ቁስ መፈጠሩ ነው።

ታዲያ ከሶዳውና ከአቼቶው የወጣው ጋዝ ምንነት በምን ይታወቃል? በኖራ ውሃ። ጥቂት የኖራ ዱቄት በውሃ በጥብጦ ማስጠለል፣ ከላይ የጠራውን ፈሳሽ ቀስ ብሎ መቅዳት ነው። ጋዙ በቀጭን ቱቦ ሲገባበት ፈሳሹ ወተት ይመስላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከኖራው ጋር ተዋህዶ በውሃ የማይሟማ ነጭ ዝቃጭ፣ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ሠርቷል። የስኮትላንዱ ኬሚስት ጆሴፍ ብላክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1750ዎቹ በትንፋሻችን ውስጥ ይኸው ጋዝ መኖሩን ያሳየው በዚሁ የኖራ ውሃ ነበር። ጋዙን ማስገባት ከቀጠልን ድፍርሱ መልሶ ይጠራል፤ ዝቃጩ ወደሚሟማው ካልሲየም ባይካርቦኔት ይለወጣልና። የዝቃጭ መጥፋትም ለካ የለውጥ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሌላው ሙከራ የሚስማር ነው። በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ የብረት ሚስማር ኮፐር ሰልፌት በሟሟበት ሰማያዊ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ቀላ ያለ ልባስ ያወጣል፤ ሰማያዊውም እየደበዘዘ ይሄዳል። መደብዘዙ ብቻውን አያሳምንም፤ ንጹሕ ውሃ ብንጨምርበትም ይደበዝዛልና። ሚስማሩ ላይ የተለጠፈው መዳብ ግን ጉዳዩን ይቋጫል፤ ከብረቱ ጥቂቱ ወደ ውሃው ሲገባ መዳቡ በቦታው ወጥቷል።

የኖራ ውሃም ሆነ ኮፐር ሰልፌት ዓይንን ይጎዳሉ። መነጽር ማድረግ፣ ምንም ነገር አለመቅመስና እጅን መታጠብ ግዴታ ነው።

አቼቶ፣ ሶዳ፣ ኖራና ሚስማር ከሱቅ ስለሚገኙ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ከእነዚህ ሙከራዎች አብዛኛውን መሥራት ይችላል። መምህሩ «ምን አያችሁ?» ብሎ ሳያበቃ «ምን አዲስ ቁስ ተፈጠረ? በምን አወቃችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ የለመደ ልጅ ምልክትን ከማስረጃ ይለያል፤ የሳይንስ ትምህርት ዋናው ፍሬም ይህ ነው።