ቤቱ ሲዞርብን

ጧት ነው። አንዲት እናት ከመኝታዋ ልትነሣ ወደ ቀኝ ዞር አለች እንበል። ወዲያው ጣራው ዞረ። ምሰሶው ዞረ። መደቡን በሁለት እጇ ያዘች። አስመለሳት። ትንሽ ቆይቶ ተዋት። ማታ ስትጋደም ግን እንደገና መጣባት።

ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ ምች ነው ይላል። ሌላው ደም አንሷት ነው ይላል። ከከተማ የመጣ ዘመድ ደግሞ «ቪታሚን ግዙላት» ይላል። ታዲያ ማን ልክ ነው? ዘመዱ ትንሽ እውነት አለው። ትንሽ ብቻ ግን።

እስቲ ጆሯችንን እንመልከት። ጆሮ ለመስማት ብቻ ይመስለናል። ሚዛናችንን የሚጠብቅልንም እኮ እሱ ነው። በውስጠኛው ጆሮ፣ በአጥንት መካከል፣ እንደ ቀለበት የጎበጡ 3 ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ውስጣቸው ውኃ አለ። ራሳችንን ስናዞር ውኃው ይንቀሳቀሳል። አእምሯችንም መዞራችንን ያውቃል። ከቱቦዎቹ አጠገብ በጣም ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። የተሠሩት የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ነገር ነው። ቦታቸው ላይ ተጣብቀው ሲቀመጡ ደኅና ነን። ተፈናቅለው ቱቦው ውስጥ ሲገቡ ግን ውኃውን ያውኩታል። ራሳችን ካረፈ በኋላም ጆሯችን «ገና እየዞርክ ነው» ይለናል።

ይህ ሕመም ስንጋደም፣ ስንገላበጥ ወይም ቀና ስንል ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ ሳይሞላ ያልፋል። በራሱ አይገድልም። ነገር ግን እንስራ አዝላ ቁልቁለት የምትወርደውን ሴት ይጥላል። ጣራ ላይ ወጥቶ ሣር የሚከድነውን ሰው ይጥላል። እሳት ዳር ከያዘማ አያድርስ ነው።

መድኃኒቱስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያምነንም። መድኃኒቱ ክኒን አይደለም፤ ራስን በሥርዓት ማዞር ነው። ባለሙያው በሽተኛውን አልጋ ላይ ያስቀምጣል። ራሱን ወደ ታመመው ጆሮ አዙሮ በጀርባው ያስተኛዋል። አዙሪቱ እስኪቆም ይጠብቃል። ከዚያ ራሱን ወደ ሌላው ጎን ያዞረዋል። ቀጥሎ ሰውነቱን በዚያው ጎን ያስተኛዋል። በመጨረሻ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ቅል ውስጥ የገባ ጠጠር ቅሉን እያዘነበልን እናወጣ የለም? ልክ እንደዚያ ነው። ጆን ኤፕሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 ጽፎ አሳወቀ። ብዙዎች በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻላቸዋል። የማያውቅ ሰው ግን አንገታችንን አይንካ።

ችግሩ ሕመሙ መመለሱ ነው። ቪታሚን የሚገባውም እዚህ ላይ ነው።

በደቡብ ኮሪያ 8 ሆስፒታሎች ውስጥ ሐኪሞች ይህን መረመሩ። በሽተኞቹ መጀመሪያ ራሳቸው ተዙሮ ዳኑ። ከዚያ በ2 ወገን ተከፈሉ። የአንዱ ወገን ደም ተመረመረ። ቪታሚን ዲ የጎደላቸው ሰዎች ቪታሚኑን ከካልሲየም ጋር በቀን 2 ጊዜ፣ 1 ዓመት ሙሉ እንዲወስዱ ተሰጣቸው። ለሌላው ወገን አልተሰጠም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ወጣ። በመጀመሪያው ወገን ሕመሙ በዓመት ከ100 ሰው ላይ 83 ጊዜ ያህል ተመለሰ። በሁለተኛው 110 ጊዜ ያህል ተመለሰ። ቁጥሩ ከ100 የበለጠው አንዳንዱን ሰው ደጋግሞ ስለያዘው ነው።

ልብ እንበል። ሕመሙ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቪታሚኑም የተሰጠው ለጎደላቸው ነው። እንግዲህ ፍየል ሸጠን ከመግዛታችን በፊት ጤና ጣቢያ ሄደን እንጠይቅ። ቪታሚን ዲን ቆዳችን ፀሐይ ሲያገኝ ራሱ ይሠራዋል። እርሻ ላይ ለሚውል ሰው ላይጎድል ይችላል። ከቤት ለማይወጡ ሽማግሌዎችና ለአራሶች ግን ሊጎድል ይችላል። ያለ ልክ መዋጥም ኩላሊትን ይጎዳል። ሲበዛ ይበልጥ ያድናል ማለት አይደለም።

ማዞር ሁሉ አንድ አይደለም። ለሰዓታት የሚቆይ፣ ጆሮን የሚያስጮህና መስማትን የሚቀንስ ሌላ ሕመም አለ። ሜኒየር ይባላል። ለእሱ ቪታሚን እንደሚረዳ አልተረጋገጠም። አፍ ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም አንድ እጅ ከሰነፈ ደግሞ ነገሩ የጆሮ አይደለም። በዚያው ሰዓት በሽተኛውን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።