ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት ዋይፋዩን አስቡት

ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ከአዲስ አበባ ገዝቶ ደብረ ማርቆስ ገባ። «ትንሽ ይንቀራፈፋል» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ፎርማት አስደረገው። ማታ ቤቱ ሲከፍተው ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። ድራይቨር እንዳያወርድ ኢንተርኔት የለም፤ ኢንተርኔት እንዳይከፍት ድራይቨር የለም።

እሱስ በተሻለ። የመመረቂያ ጥናቱን ዳታ «ዲ ላይ ነው ያለው፣ ፎርማት የሚደረገው ሲ ነው» ብሎ ተማምኖ ነበር። ሠሪው ግን ፓርቲሽኖቹን በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ከፋፍሎታል። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ሲ እና ዲ አንድ ዲስክ ላይ የተሰመረ መስመር ናቸው እንጂ ሁለት ዕቃ አይደሉም። ዲስኩ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ስለዚህ ዲ ላይ የተቀመጠ ፋይል ባክአፕ አይባልም።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሁን አላውቅም፣ እኔን የሚያመኝ ዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። የተበላሸውን በሌላ እተካለሁ ማለት ቀልድ ሆኗል።

ወደ ዋይፋዩ እንመለስ። መፍትሔው ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴዘሪንግን አብሩ። ሆትስፖት እዚህ ጋ አይሠራም፤ ላፕቶፑ ዋይፋይ የሚቀበልበት ድራይቨር የለውማ! በገመድ ሲሆን ግን ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ ፓኬጃችሁም አይነካም። በዳታ ከሆነ ግን ግንኙነቱን «ሚተርድ» አድርጉት፤ አለዚያ የዊንዶውስ አፕዴት ሳታዩት ፓኬጁን ይጨርሰዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከፎርማት በፊት የዋይፋዩን ድራይቨር ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። በ2015 ክረምት ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲያልፉ ይህን ልማድ በግድ ተምረነዋል።

ድራይቨሩን ከየት? ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን ሞዴል አንብባችሁ፣ ሌኖቮም ሆነ ኤችፒ ወይም አሱስ፣ ከራሱ ከአምራቹ ገጽ። «ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ጊዜ» የሚል ፕሮግራም በፍላሽ ሲዞር አይታችኋል። እኔ አላስነካም። የማታውቁትን ብራውዘርና ማስታወቂያ አብሮ ሲጭን፣ ሲብስም ቫይረስ ይዞ ሲገባ አይቻለሁ። ጌሚንግ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግራፊክሱ ሁለት ነው፤ አንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው፣ ሌላው ኤንቪዲያው። መጀመሪያ የቺፕሴቱን፣ ቀጥሎ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ፣ ከዚያ የኤንቪዲያውን ጫኑ። ሪስቶር ፖይንት መፍጠር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ድራይቨሩ ቢያስቸግር ወደነበረበት ይመልሳችኋል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ካላያችሁ ጨርሳችኋል።

ባዮስ አፕዴት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መብራት በሚመላለስበት ቀን አትንኩት። ባትሪው ሙሉ፣ ቻርጀሩም የተሰካ ይሁን፤ መሃል ላይ ከጠፋ ላፕቶፑ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ስለ ቦታ ደግሞ፦ 512 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ዲስክ 476 ብቻ ሲያሳይ ከሻጩ ጋር አትጣሉ። አምራቹ በ1000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ጂቲኤ ፋይቭ ብቻውን ከ70 ጊጋ በላይ ይይዛል። ላፕቶፑ ኤስኤስዲም ሃርድ ዲስክም ካለው ዊንዶውሱንና አሁን የምትጫወቱትን ኤስኤስዲው ላይ፣ ፊልምና የቆየ ጌም ሃርድ ዲስኩ ላይ አድርጉ። ስቲም ላይ ያለ ጌም ከሆነ ማጥፋትና እንደገና ማውረድ አያስፈልግም፤ ስቲም ራሱ ወደ ሌላው ዲስክ ያዛውርላችኋል። ኤስኤስዲውን ግን አፉ ድረስ አትሙሉት፣ ይንቀራፈፋል። የጓደኛዬም ችግር ይኸው ነበር፤ ፎርማቱ ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር።

ዳታውን ያገኘው ከወረቀቱ ነው። እናቱ የተሞሉትን መጠይቆች ለምድጃ ማቀጣጠያ ሊያደርጓቸው ሲሉ ደረሰባቸው። አሁን አንድ በአንድ እንደገና እያስገባ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ለራሱ ኢሜይል ያደርገዋል።