ኦኮኳን፦ የደቡብ ፌርፋክስ ቧንቧ ከየት ይቀዳል?

በቨርጂኒያ ሎርተን፣ ስፕሪንግፊልድ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሐበሻ ጠዋት ጀበናውን ከቧንቧ ሲሞላ ውሃው ከየት መጣ ብሎ አይጨነቅም። ውሃው አይቋረጥም፣ አይደፈርስም፤ ሂሳቡም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ነገሩን ሳልሸፋፍን ልናገርና፣ ሰመሩ ደረቅ ሆኖ ዝናብ ሲጠፋ ይህ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ግድብ ከሚገባው አብዛኛው በማናሳስና በሴንተርቪል ቤቶች ሽንት ቤትና መታጠቢያ ያለፈ ፍሳሽ ነው። ተጣርቶ፣ ታክሞ፣ ተመርምሮ ወደ ጅረት የተመለሰ ፍሳሽ።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ፊቱን ያጨማድዳል። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከሰማ ግን ግድቡን ያዳነው ያው ፍሳሽ መሆኑን ይረዳል።

ኦኮኳን የፖቶማክ ገባር ሲሆን የፌርፋክስንና የፕሪንስ ዊሊያምን ካውንቲዎች የሚለይ ወንዝ ነው። ቡል ራን፣ ብሮድ ራንና ሴዳር ራን የሚባሉ ጅረቶች ይመግቡታል። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ያነበበ ሰው ቡል ራንን በስም ያውቀዋል፤ በ1861 እና በ1862 ሁለት ታላላቅ ውጊያዎች የተካሄዱት በዳርቻው ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የምናየው ትልቁ ግድብ የተሠራው በ1957 ነው። ከጀርባው የሚያቁረው ውሃ ወደ 8 ቢሊዮን ጋሎን፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ፌርፋክስ ውስጥና ዙሪያውን ላሉ ወደ 2 ሚሊዮን ሰዎች ውሃ የሚያቀርበው ፌርፋክስ ዋተር ሁለት ዋና ምንጮች አሉት፤ በሰሜን በኩል ፖቶማክ፣ በደቡብ በኩል ኦኮኳን። የሰሜንና የምዕራቡ ሰፈር በአብዛኛው የፖቶማክን ይጠጣል፤ የደቡብና የምሥራቁ የኦኮኳንን፤ መሃል ላይ ያለው የሁለቱን ቅልቅል። በፎልስ ቸርች ዙሪያ ያለው ደግሞ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ከሚያስተዳድሩት የዋሽንግተን ማጣሪያ ያገኛል።

ወደ ኦኮኳን የሚፈሰው ተፋሰስ 1,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከዚህ ውስጥ በፌርፋክስ ክልል ያለው ትንሹ ድርሻ ነው፤ አብዛኛው መሬት ያለው በፕሪንስ ዊሊያምና በፎኪየር ካውንቲዎች ነው። ስለዚህ ውሃውን የሚጠጣው ሰው ውሃው በሚወርድበት መሬት ላይ አያዝዝም። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም፤ ለገዳዲና ድሬ ያሉት ኦሮሚያ ውስጥ ነው፣ ጠጪው ያለው ከተማ ውስጥ።

በ1960ዎቹ የዋሽንግተን ዳርቻ በፍጥነት ሲስፋፋ፣ ዕርሻና ጫካ የነበረው መሬት በመንደር ተሞላ። መንደሩ ሲበዛ ፍሳሹም በዛ። በተፋሰሱ ውስጥ 11 ትንንሽ የፍሳሽ ማጣሪያዎች ነበሩ፤ ሁሉም በመጠኑ ያጣሩና በአቅራቢያቸው ወዳለው ጅረት ይለቁታል። ግድቡ በአልጌ አረንጓዴ ሆነ፣ ዓሣ ሞተ፣ የቧንቧው ውሃ ሸተተ። አልጌውን ለመግደል የመዳብ ሰልፌት ይረጭ ነበር። በሽታው ግን ፎስፈረስ ነው፤ በሳሙናውም፣ በሽንት ቤቱም፣ በማዳበሪያውም ያለው ንጥረ ነገር አልጌን እንደ እርሾ ያስነሳዋል።

የቨርጂኒያ የውሃ ቁጥጥር ቦርድ በ1971 የኦኮኳን ፖሊሲ የሚባለውን አወጣ። ፍሳሹን በረጅም ቧንቧ ከተፋሰሱ ማስወጣት ይቻል ነበር፤ ፖሊሲው ግን ሌላ መንገድ መረጠ። ትንንሾቹ ማጣሪያዎች ተዘግተው አንድ ትልቅና ጥብቅ ማጣሪያ ይሠራ፣ የተጣራውም ውሃ እዚያው ወደ ጅረቱ ይመለስ አለ። ውሃ በሚያጥርበት ዓመት ግድቡን የሚሞላው እሱ ነውና። ማጣሪያው በ1978 ሥራ ጀመረ። የላይኛው ኦኮኳን አገልግሎት ባለሥልጣን ያስተዳድረዋል፤ ሰው በአጭሩ ዩኦሳ ይለዋል። ፌርፋክስ፣ ፕሪንስ ዊሊያም፣ ማናሳስና ማናሳስ ፓርክ በጋራ ይዘውታል።

ሥራው እንዲህ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ እንደየትኛውም ማጣሪያ ይዘቅጣል፣ ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ይበሉታል። ብዙ ከተሞች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ዩኦሳ ግን ከዚህ በኋላ ኖራ ይጨምርበታል። ኖራው የውሃውን አልካላይነት ከፍ ያደርገዋል፤ በዚህ ጊዜ ፎስፈረሱ ከኖራው ጋር ተያይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቫይረሱም በብዛት ይጠፋል። ቀጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተነፋበት ውሃው ወደ መደበኛ ጠባዩ ይመለሳል። ከዚያ ማጥለያው፣ ከዚያ አክቲቬትድ ካርቦን የሚባለው የከሰል ፍርፋሪ፣ ከዚያ ክሎሪን፤ በመጨረሻ ደግሞ ዓሣ እንዳይገድል ክሎሪኑን ማስወገድ። ከማጣሪያው በሚወጣው አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚፈቀደው ፎስፈረስ 0.1 ሚሊግራም ነው። ወደ ቡል ራን የሚለቀቀው ውሃ ብዙ ጊዜ ጅረቱ ራሱ ካለው ውሃ ይጠራል፤ በተለይ ዝናብ በዘነበ ማግሥት።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የናይትሬቱ ነገር ነው። ናይትሬት እንደ ፎስፈረስ ሁሉ የውሃ ጠላት ተደርጎ ስለሚቆጠር ብዙ ማጣሪያ እሱን ለመቀነስ ይደክማል። በኦኮኳን ግን ሆን ተብሎ እንዲያልፍ ይደረግ ነበር። ምክንያቱ የግድቡ ወለል ላይ ነው። በሰመር የላይኛው ውሃ ሞቆ ይንሳፈፋል፣ የታችኛው ቀዝቅዞ ይቀራል፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም። ታች ያለው ኦክስጅኑን ሲጨርስ በደለሉ ውስጥ ከብረት ጋር ታስሮ የቆየው ፎስፈረስ ይፈታል። ያኔ ከውጭ ምንም ባይገባ እንኳ ግድቡ ከገዛ ወለሉ አልጌን ይቀልባል። ናይትሬት ካለ ግን ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ሲያጡ እሱን ይጠቀማሉ፤ ብረቱ ሳይነካ ይቆያል፣ ፎስፈረሱም እንደታሰረ ይቀራል። አንዱን በካይ ለሌላው ዘበኛ ማድረግ ማለት ይህ ነው። መጠኑ ግን በየጊዜው መለካት አለበት፤ የመጠጥ ውሃ ናይትሬት በሊትር ከ10 ሚሊግራም ናይትሮጅን ማለፍ የለበትም።

የሚለካው ማን ነው? እዚህ ላይ የ1971ዱ ፖሊሲ ብልህነት ይታያል። ፍሳሹን የሚያጣራው ድርጅት ራሱን እንዲመሰክር አልተተወም። በ1972 የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ማናሳስ ከተማ ተቋቋመ። በጅረቶቹ ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች የውሃውን ከፍታ ይከታተላሉ፤ ዝናብ ጥሎ ጅረቱ ሲሞላ ሰው ሳይጠብቁ በራሳቸው ናሙና እየቀዱ ጠርሙስ ይሞላሉ። ምክንያቱም የዓመቱ ፎስፈረስና ደለል በብዛት የሚወርደው በጥቂት የጎርፍ ቀናት ነው፤ በጠራ ቀን ብቻ እየቀዳ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተከማቸው ይህ መዝገብ ካውንቲዎቹ ሲጨቃጨቁ ዳኛ ሆኖ ይቀርባል።

ፍሳሹ ሲስተካከል ቀሪው ችግር መሬቱ ሆነ። አስፋልትና ጣሪያ ሲበዛ ዝናብ ወደ መሬት አይሰርግም፤ የመኪና ዘይቱን፣ የሣር ማዳበሪያውን፣ የውሻ ኩሱን ጠርጎ በመንገድ ዳር ባለው ጉድጓድ ይገባል። ያ ጉድጓድ ደግሞ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ አይሄድም፤ በቀጥታ ወደ ጅረት ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የፌርፋክስ ሱፐርቫይዘሮች ቦርድ በ1982 ከባድ ውሳኔ ወሰነ፤ በተፋሰሱ ውስጥ ባለ 41,000 ኤከር መሬት ላይ፣ ወደ 16,600 ሄክታር መሆኑ ነው፣ በ5 ኤከር ከአንድ ቤት በላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ባለ መሬቶችና አልሚዎች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ውሳኔውን አጸና። ዛሬ ክሊፍተንና ፌርፋክስ ስቴሽን አካባቢ የሚነዳ ሰው ከስፕሪንግፊልድ ሕዝብ ብዛት ወጥቶ በድንገት ጫካ ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ ነው፣ ውሳኔው ዋጋ አስከፍሏል፤ በዚያ አካባቢ ቤት መግዛት የሀብታም ነገር ሆኗል። ለውሃው ግን ከማንኛውም ማሽን የበለጠ የሠራ ይመስለኛል።

የጅረት ጤና በቤተ ሙከራ ብቻ አይለካም። በካውንቲው የአፈርና ውሃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ቦቲ ጫማ አድርገው ጅረት ውስጥ ይገባሉ። አንዱ መረብ ዘርግቶ ይይዛል፣ ሌላው ከመረቡ በላይ ያለውን ድንጋይ እያነሳ በእጁ ያሻል፣ ወለሉንም በእግሩ ይበጠብጣል። መረቡ ተነሥቶ በነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጋ ጥፍር የማታክል ነፍሳት ስትንፈራገጥ ትታያለች። ባለ ሦስት ጭራዋ የሜይፍላይ እጭ፣ ባለ ሁለት ጭራዋ የስቶንፍላይ እጭ ብክለት አይችሉም፤ እነሱ ካሉ ጅረቱ ደህና ነው። ትልና አልቅት ብቻ ከወጣ ግን ላይኛው ሰፈር የሆነ ነገር ለቋል ማለት ነው። ለሥራው ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ የእኛ ሰዎች ብዙም ሲሄዱ አላይም።

ከግድቡ የተሳበው ውሃ ሎርተን በሚገኘው የግሪፊዝ ማጣሪያ ይታከማል። ማጣሪያው በ2006 የተከፈተ ሲሆን በቀን እስከ 120 ሚሊዮን ጋሎን የማጣራት አቅም አለው። ደለሉ ከዘቀጠ በኋላ ኦዞን ይለቀቅበታል፤ ኦዞን ጀርሙንም የአልጌውን ጠረንም ይሰብራል። ከዚያ በከሰል ማጥለያ ያልፋል። ቤት እስኪደርስ የሚጠብቀው ክሎራሚን ነው፤ ክሎሪንና አሞኒያ ተቀላቅለው የሚሰጡት። በየዓመቱ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ግን ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ለጥቂት ሳምንታት ወደ ንጹሕ ክሎሪን ይቀየራል። በዚያ ወቅት ቡናው ክሎሪን ክሎሪን ካላችሁ ውሃውን በክፍት ማንቆርቆሪያ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ ሽታው ይለቃል። እርሳስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከማጣሪያው አይመጣም፤ ከአሮጌ ቤት ቧንቧና ብየዳ ነው የሚመጣው። ከ1986 በፊት በተሠራ ቤት የምትኖሩ፣ በተለይ ሕፃን ካላችሁ፣ ማስመርመር ተገቢ ነው። ውሃ ማፍላት እርሳስን አያስወግድም።

አሁን ያለው ራስ ምታት ጨው ነው። በግድቡ ውስጥ የሶዲየም መጠን ለዓመታት እየጨመረ መጥቷል። ዝናብ ሲዘንብ ዋናው ምንጭ በረዶ ለማሟሟት መንገድና ግቢ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ በደረቁ ወቅት ደግሞ የተጣራው ፍሳሽ ራሱ። ከሳሙናችን፣ ከምግባችን፣ ከፋብሪካው፣ ከማጣሪያ ኬሚካሉ የመጣው ሶዲየም በኖራም በከሰልም አይያዝም። የግድቡ ታሪክ ምፀት እዚህ ጋ ነው፤ ከአልጌ ያዳነው ያው የታከመ ውሃ ጨውን ይዞ ይመላለሳል። ጨውን ለማውጣት እጅግ ውድ የሆነ ሌላ ዓይነት ማጣሪያ ያስፈልጋል። ሌላው ፒፋስ የሚባሉት የማይበሰብሱ ኬሚካሎች ናቸው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በሚያዝያ 2024 ለሁለቱ ዋና ዋናዎች በትሪሊዮን 4 የሚል ገደብ አወጣ፤ ከፖቶማክ ይልቅ በኦኮኳን በኩል ይበልጥ ይታያሉ።

መሬቱም አላረፈም። የፕሪንስ ዊሊያም ቦርድ በታኅሣሥ 2023 ከማናሳስ የጦር ሜዳ ጎን ከ2,000 ኤከር በላይ ላይ የዳታ ማዕከላት እንዲሠሩ ፈቀደ። ፌርፋክሶች ከጎርፉና ከጨዉ አንጻር ሥጋታቸውን ቢያሰሙም ድምፅ የላቸውም። በነሐሴ 2025 ፍርድ ቤት ፈቃዱን ሻረው፤ ጉዳዩም ወደ ይግባኝ ሄደ።

በፕሪንስ ዊሊያም፣ በውድብሪጅና በማናሳስ ዙሪያ የምትኖሩ ወገኖች ግን ድምፅ አላችሁ። የመሬት አጠቃቀም ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንኛውም ነዋሪ ተመዝግቦ ሊናገር ይችላል። የውሃ ድርጅቱ የጥራት ሪፖርቱን በየዓመቱ እስከ ሐምሌ 1 ቀን ድረስ ማውጣት በሕግ ይገደዳል፤ ጠይቃችሁ አንብቡት። የጥብስ ዘይት መታጠቢያ ውስጥ አትድፉ፣ መኪና መንገድ ዳር አትጠቡ። በረዶ ሲጥል መጀመሪያ በአካፋ ዛቁ፣ ከዚያ ጨዉን በልክ በትኑ፤ ለስድስት ሜትር የመኪና መግቢያ አንድ ኩባያ ይበቃል። ኩባያ ስል የአሜሪካኑን ትልቁን የቡና ኩባያ ነው እንጂ ሲኒ አላልኩም፤ ሙሉ ከረጢት ግን በፍጹም አያስፈልግም።