ደም ልገሳ፦ ዶሩራ የሚጀምረው መቼ ነው?

ደምን የተመለከተው የቁርኣን ክልከላ ግልጽ ነው። ሱረቱል ማኢዳ 3ኛው አንቀጽ ደምን ከተከለከሉት ነገሮች ይቆጥረዋል፤ ሱረቱል አንዓም 145ኛው አንቀጽ ደግሞ ክልከላው ፈሳሽ የሆነውን ደም እንደሚመለከት ያስረዳል። ፉቀሃዎችም ፈሳሽ ደም ነጃሳ መሆኑን አስፍረዋል። ስለዚህ ደረሳ «ነጃሳ እንዴት መድኃኒት ይሆናል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም የቆየ ነው። ኢማም ነወዊ «አል-መጅሙዕ» በተሰኘው ሥራቸው፣ ንጹሕ ምትክ ካልተገኘ ከሚያሰክር ነገር በቀር በነጃሳ መታከም እንደሚፈቀድ ጽፈዋል። ለሰው ደም ደግሞ እስካሁን ሙሉ ምትክ የለውም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው። ዶሩራ፣ ማለትም አስገዳጅ ሁኔታ፣ የሚኖረው በሽተኛው በዓይን ሲታይ ብቻ ነውን? ብዙ ሰው የቅርብ ዘመዱ ሆስፒታል ሲተኛ ክንዱን ለመዘርጋት አያመነታም፤ ለማያውቀው ሰው አስቀድሞ መስጠትን ግን እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። የሕክምናው አሠራር ይህን አመለካከት አይደግፍም። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት በጥቂት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ልትሞት ትችላለች። የተለገሰ ደም ደግሞ ከኤች አይ ቪ፣ ከሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ከቂጥኝ ነጻ መሆኑ ተመርምሮ፣ ዓይነቱም ተለይቶ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ እናቲቱን የሚያተርፋት እርሷ ከመምጣቷ በፊት በማቀዝቀዣ የተቀመጠው ደም ነው። ይህም ቢሆን ብዙ አይቆይም፤ የቀይ ደም ሕዋስ ዕድሜ ከ35 እስከ 42 ቀን ሲሆን፣ ለካንሰር ሕሙማን በእጅጉ የሚያስፈልገው ፕላትሌት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ቀን አያልፍም።

የሳዑዲ ዓረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1399 ሒጅሪያ ባሳለፈው 65ኛ ውሳኔ፣ ለጋሹን እስካልጎዳ ድረስ ልገሳን ፈቅዷል፤ ዋጋ የማይጠይቅ የደም ባንክ ማቋቋምንም እንዲሁ። ማጠራቀም ከተፈቀደ፣ በእኔ ግንዛቤ፣ ችግሩ ሳይደርስ መዘጋጀትም የዶሩራው አካል ነው። የውሳኔው ቃል የሚናገረው ስለ ሙስሊም ሕሙማን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በአገራችን በደም ከረጢት ላይ የሚጻፈው የደሙ ዓይነት እንጂ የተቀባዩ ሃይማኖት አይደለም፤ ሱረቱል ማኢዳ 32ኛው አንቀጽም ሕይወት ማትረፍን የሚያወሳው በጥቅሉ ስለ ነፍስ ነው።

ምትክ ደም ፍለጋ ገንዘብ ለሚከፍሉ ቤተሰቦች ጉዳይ ቡኻሪ ከአቡ ጁሐይፋ የዘገቡት፣ የደምን ዋጋ የሚከለክለው ሐዲስ መሠረት ነው። የመካው የፊቅህ ጉባኤ በ1409 ሒጅሪያ በ11ኛው ስብሰባው ሽያጩን ከልክሎ፣ ለጋሽ አጥቶ የተገደደ ሰው ቢገዛ ግን ኃጢአቱ በሻጩ ላይ እንደሆነ ወስኗል።

የሚቀረው የረመዷን ጉዳይ ነው። በሐንበሊ መዝሀብ ዋግምት (ሒጃማ) ጾምን ያፈርሳል፤ በአገራችን በስፋት በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብና በሌሎቹ ዘንድ ግን አያፈርስም፤ ድካም የሚያስከትል ከሆነ ይጠላል እንጂ። ለጋሽ የሚሰጠው ከ350 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ስለሆነና ወዲያው ፈሳሽ መውሰድ ስለሚገባው፣ ቀን ላይ ጾመኛን መጥራት አይመከርም። በየሦስት ወሩ ብቻ መለገስ ስለሚቻልም ሁሉም መስጂድ በአንድ ሳምንት መጥራቱ አይጠቅምም። የአንድ ከተማ ኢማሞች ተመካክረው ከፊሉ በሸዕባን መጨረሻ፣ ከፊሉ በረመዷን አጋማሽ ከተራዊሕ በኋላ ቢያዘጋጁ፣ የቀይ ደም ሕዋስ ለሚጠብቅ ሕፃን በወሩ ሁሉ ይደርስለታል።