ተጨማሪ መረጃ፦ ታብሌት ይዞ ኔትወርክ መፈተሽ
ቨርጂኒያ ውስጥ ሩት 7 እና ሩት 50 በሚገናኙበት በሴቨን ኮርነርስ፣ የቬትናሞቹ የገበያ ማዕከል ኤደን ሴንተርም ሆነ በአካባቢው ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ለግድግዳ ከተጠጋጉ ጎረቤቶች ጋር ነው የሚሠሩት። ሁሉም የየራሱን ዋይፋይ ይለቃል። እንዲህ ባለ ቦታ «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል» ተብሎ የተጠራ ቴክኒሺያን ላፕቶፕ ዘርግቶ ከሚቀመጥ ታብሌት ይዞ ቢዞር ይሻለዋል፤ ችግሩ ጓዳ ካለው ትልቅ ፍሪጅ ጀርባ ሊሆን ይችላልና።

የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይለካል። −50 ጠንካራ ነው፣ −67 አካባቢ ለድምፅ ጥሪ ይበቃል፣ ከ−80 በታች ከወረደ ግን እምነት አይጣልበትም። ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖም መቆራረጡ ከቀጠለ የቻናል መጨናነቅን መጠርጠር ነው። በአሜሪካ በ2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ከሚሠራባቸው 11 ቻናሎች እርስ በርስ ሳይደራረቡ አብረው የሚሄዱት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ጎረቤት ሁሉ 6 ላይ ከሰፈረ አዲስ ራውተር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቻናል መቀየር በነፃ ነው።

የታብሌቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። አፕል፣ ተራ የአይፓድ መተግበሪያዎች በዙሪያው ያለውን ዋይፋይ ሁሉ እንዲቃኙ አይፈቅድም። አንድሮይድ ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው አንድሮይድ 9 ወዲህ ግን አንድ መተግበሪያ በ2 ደቂቃ ከ4 ጊዜ በላይ መቃኘት አይችልም። ስለዚህ ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው የሚያየው ቁጥር ትቶት የመጣውን ክፍል የሚያሳይ ነው። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ገደቡን ከዲቨሎፐር ማስተካከያዎች ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

በጥር ብርድ ጣሪያ ላይ ለሚወጣ ቴክኒሺያን ደግሞ ለንክኪ ስክሪን የተሠራ ጓንት ያስፈልጋል፤ የሱፍ ጓንት አይሠራም።