የቀለበቱ ጌታ፤ ሦስት ፊልሞችና የአንድ ቤት ክርክር

ተረት ለልጆች ብቻ የተሰጠ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አያሌ ናቸው። ነገር ግን እናቶቻችን ማታ ከእሳት ዳር ተቀምጠው ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ሲያወሩልን፥ የሚያወሩልን ስለ ሰው ጠባይ እንደ ነበረ ካደግን በኋላ ገባን። ዛሬ ያ የእሳት ዳር ጨዋታ በብዙ ቤት ቀርቶ በስፍራው ፊልም ገብቷል። ስለዚህ ልጆች የሚያዩትን ፊልም አብሮ እያዩ ፍሬውን ከገለባው መለየት የወላጅ ሥራ ሆኖ ተገኘ። እኔም ከሃያ ዓመት በላይ ስወዳቸው ስለ ኖርሁት ሦስት ተከታታይ ፊልሞች፥ በቤተ ሰቤም ላይ ስላደረጉት ነገር፥ ለክቡራን አንባቢዎች ጥቂት ቃል ለማቅረብ አሰብሁ።

ፊልሞቹ «የቀለበቱ ጌታ» የተባሉት ናቸው። ታሪኩን የጻፈው በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር የነበረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። ይህ ሰው በደቡብ አፍሪካ በብሉምፎንቴን ከተማ በ1884 ዓ.ም. ተወለደ፤ መጽሐፉም በሦስት ክፍል ሆኖ ከ1946 እስከ 1948 ዓ.ም. ታተመ። ከዚያም ፒተር ጃክሰን የተባለው የኒው ዚላንድ ሰው በገዛ አገሩ ተራሮችና ሜዳዎች ላይ በፊልም አነሣው። የመጀመሪያው ክፍል በታኅሣሥ 1994፥ ሁለተኛው በታኅሣሥ 1995፥ ሦስተኛው በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ወጣ። ሦስቱን አከታትሎ ለማየት የሚፈልግ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ያህል መቀመጥ አለበት። ሦስተኛው ክፍል በየካቲት 1996 ዓ.ም. ኦስካር ለተባለው ሽልማት በዐሥራ አንድ ዘርፍ ታጭቶ ዐሥራ አንዱንም አገኘ።

የታሪኩ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። ሳውሮን የተባለ ክፉ ገዥ ኃይሉን ሁሉ በአንድ የወርቅ ቀለበት ውስጥ አኖረ። ቀለበቱን የያዘ ሁሉ ይመኘዋል፤ የተመኘውም ሁሉ ይጠፋበታል። ሊጠፋ የሚችለውም በተሠራበት በሞርዶር ተራራ እሳት ውስጥ ሲጣል ብቻ ነው። ይህን ሸክም የተቀበለው ንጉሥ ወይም የጦር አበጋዝ አይደለም፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ የማያልፍ፥ ግብርናና መልካም ምግብ ከሚወዱ ከሆቢቶች ወገን የሆነው ፍሮዶ ነው እንጂ። የአትክልት ሠራተኛው ሳም እስከ መጨረሻው ተከተለው። ጎለም የተባለው ምስኪን ፍጥረት ደግሞ ቀለበቱን ቀድሞ ይዞት የነበረ በመሆኑ፥ አንድ ጊዜ መሪ፥ አንድ ጊዜ አታላይ እየሆነ አብሯቸው ሄደ።

የኢትዮጵያ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ አንድ ስም ጆሮውን ይስበዋል፤ ይኸውም ትልቁ የሰዎች መንግሥት «ጎንዶር» መባሉ ነው። የፋሲልን ግንብ የሚያውቅ ሁሉ ጎንደር ትዝ ይለዋል። ስለዚሁ ነገር ቶልኪን ተጠይቆ በ1963 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፥ የኢትዮጵያውን ጎንደር ቀድሞ መስማቱን እንደማያስታውስ፥ ጎንዶርም እሱ ራሱ ባበጀው ቋንቋ «የድንጋይ አገር» ማለት እንደ ሆነ ገልጿል። ይሁን እንጂ ስለ ኢትዮጵያውያን አንድ ሌላ ሥራ ሠርቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 እና በ1934 ባሳተመው የምርምር ጽሑፍ፥ ጥንታውያን እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን ይጠሩበት የነበረውን ቃል መርምሮ፥ የቃሉ መጀመሪያ «ፀሐይ» ወይም «ዕንቁ» ማለት ሊሆን እንደሚችል ጽፏል። አንድ ቃል ይዞ ሥሩን እስኪያገኝ መቆፈር የዚህ ሰው ልማዱ ነበር፤ እኔም በቆሎ ተማሪነቴ ጊዜ ቅኔ ሲፈቱ ያየኋቸውን መምህራን አሳሰበኝ።

አሁን ወደ ቤቴ ነገር ልመለስ። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት እንደ ነበረ ይታወቃል። በእኛ ወጣትነት ግን ሰይጣንነቱ ተረስቶ ሲኒማ የሁሉ መደሰቻ ሆኖ ነበር። በኋላም በቦሌ መንገድ በሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሕንፃ ዓለም ሲኒማ፥ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አጠገብም በኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲኒማ ተከፈቱ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ግን የምናድገው በኮተቤ ስለ ነበረ፥ የምናውቀው ሲኒማ የመንደሩ ቪዲዮ ቤት ነው፤ አንድ ቴሌቪዥን፥ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፥ መስኮቱም በጆንያ የተሸፈነ። የመጀመሪያውን ክፍል ያየነው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወንድሜ፥ «እማዬም ትይልን» አለና ዲስኩንና ማጫወቻውን ተከራይቶ ወደ ቤት አመጣ።

እናታችን እንግሊዝኛ አታውቅም ነበር። እኔ ከቤተ ክህነት ትምህርት በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለ ተማርሁ የጋንዳልፍንና የነገሥታቱን ቃል እተረጉም ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ በሳቅ የሚወደደው ስለ ነበረ የሆቢቶቹንና የጎለምን ይወስድ ነበር። እናታችን ቡናዋን እየቀዳች ፍሮዶን «ሕፃኑ» ትለው ነበር። ጎለም ብቅ ባለ ጊዜ ሁላችን ስንጸየፈው እሷ ብቻ፥ «ተዉት፤ ይህም የእናት ልጅ ነበረ» አለች። እኛም ሳቅንባት።

እናታችን በ2013 ዓ.ም. ዐረፈች። የቀረልንም የኮተቤው ቤትና በጓሮው ያሉት ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ወራሾች እንደ ሆኑ ይናገራል፤ ይህንንም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ በሰፈራችን አልነበረም፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና። ወንድሜ ቤቱ ተሸጦ እንካፈል አለ። እኔ ግን፥ «የእናታችን መታሰቢያ ነው፤ አይሸጥም» አልሁ። ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር፤ ኪራዩንም የምቀበል እኔ ነበርሁ። ለጣራው እድሳት ይሆናል እያልሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ለብቻዬ ያዝሁት። ጣራው ግን አልታደሰም። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ባልሰማው ጊዜ ክስ መሠረተ። በየቀኑ የሰውን መዝገብ የምከፍት ሰው በራሴ ስም የተከፈተ መዝገብ አየሁ፤ ያን ጊዜም እንኳ ያፈርሁት በሥራ ባልደረቦቼ ፊት እንጂ በወንድሜ ፊት አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጄ እነዚህን ፊልሞች እናይ ዘንድ ለመነችኝ። በገርጂ ባለው ቤታችን በሦስት እሑድ ሦስቱን አየን። የድሮውን ደስታ እጠብቅ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ሌላ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ኢሲልዱር የተባለው የንጉሥ ልጅ ቀለበቱን ወደ እሳቱ ሊጥል ሲገባው «እምቢ» ብሎ ሲወጣ አየሁ። በመጽሐፉም ቀለበቱን ያስቀረው ለአባቱና ለወንድሙ የደም ካሣ ነው ብሎ እንደ ሆነ ትዝ አለኝ፤ ስሙን መታሰቢያ ያላለው ብቻ ነው የቀረው። ቀጥሎም ቦሮሚር የተባለው ጀግና አገሩን ለማዳን ሲል ቀለበቱን ከፍሮዶ ሊቀማ እጁን ሲያነሣ አየሁ። ቀለበቱ ክፉዎችን በክፋታቸው፥ ደጎችንም በደግ አሳባቸው በኩል እንደሚይዝ ያን ጊዜ አስተዋልሁ።

ሦስተኛው ክፍል የሚጀምረው በሁለት ወዳጆች ነው። በጀልባ ሆነው ዓሣ ሲያጠምዱ አንዱ ቀለበቱን ከወንዙ ውስጥ አገኘ። ሁለተኛው፥ ኋላ ጎለም የሚሆነው፥ የተወለድሁበት ቀን ነውና ስጠኝ አለው፤ በከለከለውም ጊዜ አንቆ ገደለው። ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ፥ «አባዬ፥ ታዲያ ቀለበቱ የማን ነበር?» አለችኝ። ሃያ ዓመት ያህል ሕግ ስገለብጥ የኖርሁ ሰው መልስ አጣሁ። ያገኘው ሰው ነው እንዳልላት ያገኘውም ሊጠፋበት ነበር፤ የሁለቱ ነው እንዳልላት የራሴ ምላስ ያዘኝ።

ፍጻሜው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ፍሮዶ ያን ሁሉ መከራ ተቀብሎ ከእሳቱ አፋፍ ከደረሰ በኋላ ቀለበቱን ለመጣል አልቻለም፤ እሱም እንደ ኢሲልዱር እምቢ ብሎ «የእኔ ነው» አለ። ያዳነው ቀደም ሲል የተደረገ ምሕረት ነው። አጎቱ ቢልቦና እሱ ራሱ ጎለምን ሊገድሉት ሲችሉ ራርተው ትተውት ነበርና፥ ያ የተራሩለት ምስኪን ደርሶ ቀለበቱን ከጣቱ ጋራ ነክሶ ወሰደ፤ ከቀለበቱም ጋራ ወደ እሳቱ ወደቀ። እናታችን ያለችው ቃል ያን ጊዜ ተመልሶ መጣብኝ።

ፊልሞቹ ጉድለት የለባቸውም አልልም። ጦርነቱ ከመጠን ያለፈ ነው፤ የሦስተኛውም መጨረሻ አለቀ ሲሉት ደጋግሞ ይቀጥላል። ትልቁ ሸረሪት የሚታይበት ክፍል ለሕፃናት የሚገባ አይደለም። ይልቁንም ከደቡብ በዝሆን ተቀምጠው የሚመጡት ሰዎች ስም እንኳ ሳይሰጣቸው የክፉው ተባባሪ ሆነው መታየታቸው ለእኛ ለአፍሪካውያን ደስ አያሰኝም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሳም ከእነዚህ ሰዎች የአንዱን ሬሳ አይቶ፥ ስሙ ማን እንደ ነበረ፥ ልቡም በእውነት ክፉ እንደ ሆነ ወይስ ተታሎ እንደ መጣ ያስባል። ልጄ ይህን ባነበብሁላት ጊዜ ፊልሙ ሊተወው አይገባም ነበር አለች፤ እውነቷን ነው።

ከሦስተኛው እሑድ በኋላ ሌሊቱን ተቀምጬ የሦስቱን ዓመት ኪራይ ወር በወር ጻፍሁ። በማግሥቱ ከሥራ ስወጣ ከመገናኛ በቀላል ባቡር ተሳፍሬ ወደ አያት ሄድሁ። ወንድሜ በሩን ሲከፍት፥ «ጋሼ፥ ሒሳቡን ይዤ መጥቻለሁ» አልሁት። ወረቀቱን ተቀብሎ ሳያነበው አጠፈና፥ «በመጀመሪያ ግባ፤ ቡና ቀርቧል» አለኝ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፥ ጠበቃው የጉዳት ኪሣራ ጨምረህ ጠይቅ ብሎ ሲመክረው «ወንድሜ ነው» ብሎ እምቢ ብሎ ኖሯል። ስለዚህ ቀለበቱን በገዛ ኃይሌ ጣልሁት ብዬ ልመካ አልችልም። የልጄ ጥያቄና የወንድሜ ምሕረት ከእጄ አስጣሉኝ።

የዕርቁ ስምምነት በፍርድ ቤት ተመዝግቦ መዝገቡ ተዘጋ፤ ቤቱም በኅዳር 2018 ዓ.ም. ተሽጦ እኩል ተካፈልን። ሁሉም እንደ ቀድሞው ሆነ ማለቴ አይደለም። ፍሮዶም በመንገዱ የተወጋው ቁስል አገሩ ከገባ በኋላ እንኳ ሳይሽር በየጊዜው ያመው ነበር። እኔና ወንድሜም ስለ እናታችን ስናነሣ ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ዝም እንባባላለን። ነገር ግን ልጆቻችን በወር አንድ እሑድ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ፊልም ያያሉ፤ ወንድሜም ለትንንሾቹ የጎለምን ቃል በአማርኛ ሲናገር ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

እንግዲህ ለወላጆች የምለው ይህ ነው። ልጆቻችሁ ተከታታይ ፊልም ሲወዱ በሩን ዘግታችሁባቸው አትሂዱ፤ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ሲጠይቋችሁም መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ። በየቤቱ አንድ ቀለበት አይጠፋም፤ ለአንዱ ቤት ነው፥ ለአንዱ መሬት፥ ለሌላውም የቆየ ቂም። የያዘው ሰው ለራሱ መታሰቢያ ይለዋል፤ ከአጠገቡ የተቀመጠ ሕፃን ግን የማን እንደ ሆነ ይጠይቀዋል።