ሰሊጡ ያው ነው፤ ጥቅሙ ከየት ይጨምራል?

ዲጂታል ቴክኖሎጂ ለነባር ንግድ ምን ይጨምራል? ከመተማ የሰሊጥ ገበያ የተወሰደ ማብራሪያ

መተማ ከጥንትም የገበያ አገር ነው። የሲራራ ነጋዴ ከጎንደር ወርዶ ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ገላባት የሚሻገርበት በር ነበር። ዛሬም ከምዕራብ አርማጭሆ እስከ ቋራ፣ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ያለው ቆላ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ያመርታል፤ ከጫካውም እጣን ይለቀማል። ባሕር ተሻግሮ የውጭ ምንዛሪ በማምጣት ስሙ የሚነሣው ሰሊጡ ነው። በገበያ «የሁመራ ጎንደር» የሚባለው ነጣ ያለ ዓይነት ጣሂና ለሚባለው የሰሊጥ ልቁጥና ለዳቦ ማስጌጫ ይፈለጋል፤ ከዋና ገዢዎቹ መካከል ቻይናና እስራኤል አሉ።

ይህ ንግድ ኮምፒውተር ሳይኖር ኖሯል። ታዲያ «ዲጂታል ሽግግር» የሚባለው ነገር ምን ይጨምርለታል? መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። በእጅ ይጻፍ የነበረውን ደረሰኝ በኮምፒውተር ማተም ሥራ ያቀላጥፋል፤ ንግዱ ግን ያው ነው። አዲስ እሴት የሚፈጠረው ቀድሞ የማይቻል የነበረ ነገር ሲቻል ነው፤ ለምሳሌ ገበሬው ዋጋ ሳያውቅ ከመሸጥ ሲድን፣ ወይም መጋዘን ያስገባው እህል ሳይሸጥ ብድር ሲያስገኝለት።

ዋጋን ማወቅ

በቆላው ሰሊጥ የሚታጨደው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ፍሬው ሲደርስ ቆቡ ተከፍቶ ስለሚረግፍ አጨዳው ቀን አይሰጥም። ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም በዚያው ሰሞን ደመወዙን ይጠብቃል። ስለዚህ አነስተኛ አምራቹ ጥሬ ገንዘብ በጣም በሚቸገርበት ሳምንት፣ ሁሉም እህሉን ይዞ ሲወጣ፣ እሱም ይሸጣል። የአዲስ አበባን ዋጋ የሚያውቀው ነጋዴው ነው፤ ገበሬው የሚሰማው ደላላው የነገረውን ነው።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በአዋጅ ቁጥር 550/1999 ተቋቁሞ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት ሲጀምር፣ መሥራቹ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ደጋግመው ያነሡት ችግር ይኸው ነበር። ዋጋው በገበያ ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎች ላይ ይታይ ጀመር፤ ወደ 929 ደውሎ የዕለቱን ዋጋ በተቀዳ ድምፅ መስማትም ተቻለ። ማንበብ ለማይችል አምራች ድምፅ ከጽሑፍ ይሻላልና ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዋጋ መስማት ብቻውን ግን አያበቃም። አዲስ አበባ ላይ የተሰማው ዋጋ መተማ ሲደርስ የማጓጓዣ፣ የጆንያ፣ የጭነትና የኮሚሽን ወጪ ይቀነስለታል፤ የሰሊጡ ደረጃም ዋጋውን ይለውጠዋል። ሒሳቡን ያልሠራ ሰው ዋጋውን ሰምቶ ተታለልሁ ብሎ ይቆጣል፤ ሒሳቡን የሠራው ግን ከነጋዴው ጋር መከራከር ይችላል። አዲሱ ጥቅም ያለው በዚህ ክርክር ውስጥ ነው።

ደረሰኙ ገንዘብ ሲሆን

ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ብዙ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው የመጋዘን ደረሰኝ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰሊጡ ከምርት ገበያው መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰዳል፤ እርጥበቱና ንጽሕናው ይለካል፤ ደረጃ ይወጣለታል፤ ከዚያ ይመዘናል። መረጃው በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይገባና በደረሰኙ ያስገባው ሰው የዚህን ያህል ኩንታል፣ የዚህን ደረጃ ሰሊጥ ባለቤት መሆኑ ይረጋገጣል። ከዚህ በኋላ የሚሸጠው እህሉ ሳይሆን መዝገቡ ላይ ያለው መብት ነው። ገዢው ሰሊጡን ሳያየው አዲስ አበባ ሆኖ ይገዛል፤ ክፍያውም በማግስቱ በባንክ ይዘዋወራል።

ይህን ሕጋዊ ያደረገው የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ቁጥር 372/1996 ከምርት ገበያው በፊት የወጣ ነው። ነጥቡም ይህ ነው፤ ቴክኖሎጂው ብቻውን ደረሰኙን ገንዘብ አያደርገውም። ሕጉ መብት ብሎ ሲያውቀው፣ መዛኙ ሲታመን፣ መጋዘኑም ለጠፋው እህል ሲጠየቅ ነው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር ዋጋ የሚኖረው።

ከዚህ በኋላ ሌላ በር ይከፈታል። ደረሰኙ ከታመነ ለብድር ዋስትና መሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከምርት ገበያው ጋር በዚህ መንገድ ብድር ለመስጠት ሠርቷል። አምራቹ ሰሊጡን በአጨዳ ሰሞን ዋጋ ከመሸጥ ይልቅ መጋዘን አስቀምጦ ይበደራል፤ ለሠራተኛው ደመወዝ ይከፍላል፤ ዋጋው ሲሻሻል ሸጦ ብድሩን ይመልሳል። ሰሊጡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ባለቤቱ መቼ እንደሚሸጥ የመምረጥ አቅሙ ነው። ሰሊጡን ሳይታጨድ ለሚሸጥ ወይም በአራጣ ለሚበደር ቤተሰብ ይህ ምርጫ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ይበልጣል።

የግብይቱ ወለል ራሱም ተለውጧል። ምርት ገበያው ሲጀምር ገዢና ሻጭ ወለሉ ላይ እየጮኹ ይደራደሩ፣ ሲስማሙም እጅ ለእጅ ይማቱ ነበር። ከ7 ዓመት በላይ በዚህ ሁኔታ ሠርቶ ግብይቱ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ጩኸቱ ሲቀር ማን ከማን ጋር በዓይን ተጠቃቀሰ የሚለው ጥርጣሬም ቀነሰ።

ዝናብና ስልክ

ሰሊጥ ውኃ ሲተኛበት ይበሰብሳል፤ በዘር ወቅት የሚመጣ ከባድ ዝናብ ይጠርገዋል፤ ታጭዶ በነዶ ታስሮ ሳለ የሚጥል ዝናብ ደግሞ ቀለሙን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ለቆላው ገበሬ የዝናብ ወሬ ገንዘብ ነው። በኔዘርላንድ ድጋፍ የተሠራው «ኮመንሴንስ» የተባለው ፕሮጀክት ከሳተላይትና ከአየር ንብረት መረጃ የተዘጋጀ ትንበያ በስልክ ለሰሜን ምዕራብ ሰሊጥ አምራቾች የሚደርስበትን መንገድ ሞክሯል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የግብርና ስልክ መስመርም ገበሬው ደውሎ በሚገባው ቋንቋ ምክር እንዲሰማ አድርጓል።

እነዚህ አገልግሎቶች የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ። መረጃው ጠቃሚ የሚሆነው ውሳኔ ከሚደረግበት ቀን በፊት ሲደርስ ነው። ዘሩ ከተዘራ በኋላ የደረሰ ትንበያ ዜና ብቻ ነው።

ክፍያ መዝገብ ሲያስቀር

የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ሰው የተረዳው ገንዘብ መላኪያ ብሎ ነው። መላክ ግን የመጀመሪያው ጥቅም ብቻ ነው። ለሠራተኛ ደመወዝ፣ ለሱቅ ዱቤ፣ ለጆንያ ግዢ በስልክ የተከፈለ ገንዘብ ሁሉ መዝገብ ያስቀራል፤ መዝገቡም የነጋዴውን የመክፈል ልማድ ይመሰክራል። ለዚህም ነው በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመሆን በቴሌብር በኩል ያለ ቤት ዋስትና አነስተኛ ብድር መስጠት የተቻለው። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ያለው ሰውም *127# ብሎ ይጠቀማል። ገንዘቡን ከመተማ ወደ ጎንደር ተሸክሞ ከመጓዝ መዳንም በዚህ ዘመን ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ቴክኖሎጂው የማይፈታው

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ከተስፋፋው ግጭት ጋር የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የተነሣው የሱዳን ጦርነትም የገላባትን መስመር አውኳል። መንገድ ሲዘጋ የትኛውም ሥርዓት ሰሊጡን መጋዘን አያደርስም፤ መስመሩ ሲጠፋም ሥርዓቱ ራሱ የለም። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሠራ፣ በድምፅና በተራ ስልክ የሚያገለግል አሠራር ለቆላው የግድ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ፖሊሲ ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረት በነበረባቸው ዓመታት አንዳንድ ላኪዎች ዶላሩን ለገቢ ንግዳቸው ስለፈለጉት ሰሊጥን ከዓለም ገበያ ዋጋ በላይ እየገዙ በኪሳራ ይልኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ የሚታየው ዋጋ ትክክለኛ ነበር፤ የሚናገረው ግን ስለ ሰሊጥ ፍላጎት ሳይሆን ስለ ዶላር ጥማት ነበር። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በኪሳራ የመላኩ መነሻ ተቀየረ። ዲጂታል ሥርዓት የተበላሸ ገበያን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ አያስተካክለውም።

ሦስተኛው የመጠን ጉዳይ ነው። በምርት ገበያው የሚገበያየው መጠን ለአንድ አነስተኛ ገበሬ ይከብደዋል፤ ምርቱን የሚያስገባው በማኅበር ወይም በአቅራቢ ነጋዴ በኩል ነው። ማኅበሩ ደካማ ከሆነ የአዲሱ ሥርዓት ጥቅም በመሐል ይቀራል። ማኅበርን ማጠናከር ቴክኖሎጂ ባይባልም ቴክኖሎጂው ከገበሬው ጋር የሚገናኝበት ድልድይ ነው።

ነገ አንድ ኩባንያ አዲስ መተግበሪያ ይዞ ቆላ ቢወርድ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚህ በፊት የማያውቀውን አሁን የሚያውቀው ማነው? ገንዘቡን ቀድሞ የሚያገኘው ማነው? ከዚህ በፊት የማይችለው፣ አሁን ግን አይሆንም ማለት የሚችለው ማነው? ለሦስቱም መልሱ «ነጋዴውና ኩባንያው» ብቻ ከሆነ አሮጌው ንግድ አዲስ ልብስ ለብሷል ማለት ነው። ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «ገበሬው» ከሆነ ግን ነገሩ መሞከር ይገባዋል።